በገናው ወዴት ሄደ? የመኪና ቴፕ፣ የሳብዉፈር እና የአንድ ቀጭን ሽቦ ታሪክ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለአባቴ አዲስ የመኪና ቴፕ ገዛሁላቸው። ቴፕ ስላችሁ ካሴት የሚበላ እንዳይመስላችሁ፤ ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ነው። እኛ አገር ግን ከዳሽቦርድ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ስሙ ቴፕ ነው። ካሴቱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

መኪናዋ ያገለገለች ናት። አንድ የመኪና ዲኮር ቤት ወሰድኳት፤ ልጆቹ የድሮውን ነቅለው አዲሱን ለመግጠም አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። ስክሪኑ በራ፣ ስልኩ ተገናኘ፣ የኋላ ካሜራው ሠራ። አባቴ መረቁኝ። እኔም ጎበዝ ልጅ ነኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አብረን ስንሄድ እንደ ልማዳቸው በገና ከፈቱ። ትንሽ አዳመጡና፣ "በገናው ወዴት ሄደ?" አሉኝ።

"ይኸው እየተደረደረ ነው እኮ አባባ።"

"ዜማው አለ። በገናው ነው የሌለው።"

ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። ከስር የሚመጣው፣ ደረት ላይ የሚያርፈው ከባዱ ንዝረት ጠፍቷል። የቀረው እንደ ንብ የሚጮኸው ላይኛው ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ ከዚያ በላይ ምንም አልተናገሩም። ያስጨነቀኝም ይኸው ዝምታቸው ነበር፤ ስጦታ ብዬ የሰጠኋቸው ዕቃ የሚወዱትን ነገር ወስዶባቸዋል።

በመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ በቀኝ በኩል ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ሳብዉፈር አለ፤ ከራሱ አምፕሊፋየር ጋር። ቴፑ ከተቀየረ ወዲህ ትንፍሽ አላለም። ዲኮር ቤቱ ተመልሼ ስጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፦ "የፋብሪካ ሳብዉፈር ከሌላ ቴፕ ጋር አይሠራም። ተቃጥሎም ይሆናል። አውጥተን አዲስ እንግጠምልህ።"

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው። በሙያችን "አይሠራም" የሚለው ነገር መልስ አይደለም፣ የጥያቄ መጀመሪያ ነው። ሁለት ጤነኛ ፕሮግራሞች እርስ በርስ መግባባት አቅቷቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያንከራትቱኝ ስንቴ አይቻለሁ። እናም ሳብዉፈሩን ከማስነቀሌ በፊት፣ አንድ ቴፕና አንድ ስፒከር የማይግባቡበት ዘመን እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ፈለግኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ሆነ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መኪና ለራዲዮ ሲበሳ

ፖል ጋልቪን የሚባል የቺካጎ ነጋዴ በ1930 ጭንቅ ላይ ነበር። ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር ያቋቋመው ድርጅት የሚሸጠው፣ በባትሪ የሚሠሩ የቤት ራዲዮኖችን ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ ነው። አዳዲሶቹ ራዲዮኖች ራሳቸው በቀጥታ ከግድግዳ መሥራት ሲጀምሩ ገበያው ደረቀ፤ በላዩ ላይ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ጋልቪን ከዊሊያም ሊር እና ከኤልመር ዌቨሪንግ ጋር ሆኖ ለመኪና የሚሆን ራዲዮ ሠራ፤ በራሱ ስቱድቤከር ላይ ገጥሞ አትላንቲክ ሲቲ ወደሚካሄደው የራዲዮ አምራቾች ጉባኤ ነዳ። አዳራሹ ውስጥ የማሳያ ቦታ አልነበረውም። መኪናውን ደጅ አቁሞ ድምፁን ለቀቀው። ትእዛዝ ይዞ ተመለሰ። ለራዲዮው ያወጣለት ስም ሞቶሮላ ነው፤ በ1947 ድርጅቱ ራሱ በዚህ ስም ተጠራ።

ከእሱ በፊትም መኪና ላይ ራዲዮ የገጠሙ ሰዎች ነበሩ። የጋልቪን ድል ተራው ገዢ ሊደርስበት የሚችል ዕቃ አድርጎ ማውጣቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በጀርመን ብላውፑንክት የራሱን አወጣ፤ አውሮፓም ተከተለች።

ግን መግጠሙ ቀልድ አልነበረም። ራዲዮው በቫኩም ቱቦ ስለሚሠራ ከመኪናው ባትሪ እጅግ የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ባትሪዎች ከወለሉ ስር ይቀበሩ ነበር። ዋናው ሣጥን አንድ ቦታ፣ ስፒከሩ ሌላ ቦታ፣ መቆጣጠሪያው መሪው አጠገብ። ለሁሉም ቀዳዳ ይበሳል። ካንዴላው እሳት በረጨ ቁጥር ደግሞ ራዲዮው ይንጫጫል፤ እሱንም ማፈን ያስፈልጋል።

ይህቺን የካንዴላ ጫጫታ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ትመለሳለች። ለአሁኑ ዋናው ነገር፣ መኪናውና ራዲዮው የማይተዋወቁ ሁለት ዕቃዎች መሆናቸው ነው። የሚያስተዋውቃቸው የመካኒኩ እጅ ብቻ ነበር።

180 በ50

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የመተዋወቅ ዘመን ነው። በ1955 ክራይስለር እና ፊልኮ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ራዲዮ አስተዋወቁ። ትራንዚስተር ከፍተኛ ቮልት አይፈልግም፤ የተቀበሩት ባትሪዎችና የጋለው ቱቦ ታሪክ ሆኑ። በ1963 ደግሞ ፊሊፕስ ትንሿን ካሴት በርሊን ላይ አሳየ፤ ኋላም ሌሎች ፋብሪካዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሯት ፈቀደ። አንዱ አገር የተቀዳ ካሴት ሌላ አገር በተሠራ ቴፕ ላይ የተጫወተው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም የምንጠራው "ቴፕ" የሚል ስም የዚያ ፈቃድ ትርፍ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ዳሽቦርዱም ተራው ደረሰው። ጀርመኖች የራዲዮውን ቀዳዳ በመስፈርት ወሰኑት፦ 180 ሚሊሜትር ወርድ፣ 50 ሚሊሜትር ቁመት። በ1984 ይህ ልክ አይ.ኤስ.ኦ 7736 ተብሎ ዓለም አቀፍ ሆነ። ከጀርባ ያሉት ሶኬቶችም በኋላ የራሳቸውን ቁጥር አገኙ፣ አይ.ኤስ.ኦ 10487። በገበያ የሚሸጡት ቴፖች የሽቦ ቀለምም እየተመሳሰለ ሄደ፦ ቢጫው የማይቋረጥ 12 ቮልት፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ 12 ቮልት፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊው የአራቱ ስፒከሮች።

ከእነዚህ ሁሉ ቀጭኗና ብዙ ሰው የማያስተውላት ሰማያዊዋ ናት። መጀመሪያ የአንቴና ሽቦ ነበረች፤ ራዲዮ ሲከፈት በሞተር የሚወጣውን አንቴና "ውጣ" የምትል። በኋላ ሰዎች አምፕሊፋየር ለብቻ መግጠም ሲጀምሩ፣ ነጭ መስመር ያለባት ሰማያዊ እህቷ አምፕሊፋየሩን "ተነሣ" የምትል ሆነች። ጉልበት አታመላልስም፣ ዘፈንም አይሄድባትም። 12 ቮልት ካለባት "ተነሣ"፣ ከሌለባት "ተኛ" ናት፤ በቃ። ይህቺ ሽቦ ባትኖር አምፕሊፋየሩ ሌት ተቀን ነቅቶ ባትሪውን ይጨርሰው ነበር።

ፕሮግራመሮች ይህን ዓይነቱን ነገር "ውል" እንለዋለን። እኔ በዚህ ልክ፣ በዚህ ቀለም እሰጥሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ውስጥህ እንዴት እንደተሠራ አልጠይቅህም። ውሉ እስከተከበረ ድረስ የጃፓን ቴፕ በጀርመን መኪና ውስጥ ይዘፍናል።

ለምን ቤዝ ከባድ ሆነ?

በዚህ መሐል ቴፖቹ ጉልበት ፈለጉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ተራ አምፕሊፋየር ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ የሚያደርሰው ከ4.5 ዋት አይበልጥም። መሐንዲሶቹ ታዲያ ለአንድ ስፒከር ሁለት አምፕሊፋየር ሰጡት፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ስፒከሩ ላይ የሚደርሰው ቮልት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ወደ 18 ዋት፣ ይሆናል። ሞተሩ ሲሠራ ቮልቱ ወደ 14 ስለሚጠጋ ትንሽ ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ "50 ዋት በ4" ተብሎ ቢጻፍ አትደነቁ፣ ፊዚክሱ ግን ይኸው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለው፦ በድሮ መኪና የስፒከሩን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር ማገናኘት የተለመደ ነበር፤ በነዚህ ቴፖች ላይ ያንን ያደረገ ሰው ቴፑን ያቃጥላል።

18 ዋት ለጊታርና ለሰው ድምፅ ይበቃል። ለቤዝ አይበቃም፤ ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው አየር ነው። ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት ስፒከር ራይስ እና ኬሎግ በጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1925 ሲያቀርቡት ሥራው አየር መግፋት ነው። ድምፁ አንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ እኩል እንዲሰማ አራት እጥፍ አየር መገፋት አለበት። የበር ስፒከር ይህን አይችልም፤ ያን ያህል ወዲህ ወዲያ የመሄድ አቅም የለውም።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። በ1933 ፍሌቸር እና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደንቆሮ ቢጤ መሆኑን በግራፍ አሳዩ፤ በተለይ ድምፁ ሲቀነስ። ዘፈን ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ ነው።

እዚህ ላይ ወደ በገናው ልመለስ። በገና አሥር አውታር አለው፤ እያንዳንዱ አውታር ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች። አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ስለሚርገበገብ ያ የታወቀው "ዝዝዝ" ይፈጠራል። በፊዚክስ ቋንቋ፣ እንዚራ ለወፍራሙ ድምፅ ብዙ ቀጫጭን ልጆች ትወልድለታለች። አእምሮአችን ደግሞ ልጆቹን ሲሰማ ወላጁን ይገምታል፦ መሠረቱ ድምፅ ባይኖርም እንኳ የዜማውን ከፍታና ዝቅታ በትክክል ይለያል። የስልክ ስፒከር ላይ የወንድ ድምፅ የወንድ የሚመስለን በዚህ ነው። ሰውነት ግን በግምት አይነዘርም። "ዜማው አለ፣ በገናው ነው የሌለው" ያሉት አባቴ አኩስቲክስ አልተማሩም። የተናገሩት ግን ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቤዝ ፈላጊው ትውልድ ስፒከሩን ከሣጥን ጋር እንዴት ማጋባት እንደሚቻልም ተማረ። በአውስትራሊያ ኔቪል ቲል በ1961፣ ከዚያም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የሣጥኑን ልክ በግምት ሳይሆን በቀመር ማውጣት የሚያስችሉ ጽሑፎች አወጡ። በ1974 "ኧርዝኩዌክ" የሚለው ፊልም ሴንሰራውንድ በተባለ ሥርዓት የሲኒማ ወንበሮችን አንቀጠቀጠ። በቤት፣ በሲኒማ፣ ከዚያም በመኪና፣ ሳብዉፈር የሚለው ቃል የወጣቶች ቃል ሆነ።

ፋብሪካው ሲነቃ

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ድምፅ የሚፈልግ ሰው መኪናውን ገዝቶ ሲያበቃ ወደ ሱቅ ይሄድ ነበር። ነገሩን የቀየሩት የኤም.አይ.ቲው ፕሮፌሰር አማር ቦዝ ናቸው። በ1964 ያቋቋሙት ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ለዓመታት ሠርቶ፣ ለ1983 ሞዴል ካዲላክ ሴቪል፣ ካዲላክ ኤልዶራዶ፣ ቢዊክ ሪቪየራ እና ኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ከፋብሪካ የሚገጠም የድምፅ ሥርዓት አወጣ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የመኪና ውስጥ ከሳሎን በተለየ አስቀድሞ ይታወቃል። ወንበሩ ከምን እንደተሠራ፣ መስታወቱ የት እንዳለ፣ ሹፌሩ የት እንደሚቀመጥ ፋብሪካው ያውቃል። ስለዚህ ድምፁን ለዚያች መኪና ብቻ ለክቶ መስፋት ይቻላል፤ ልክ እንደ ልብስ። ለዚህም እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ አምፕሊፋየርና የራሱ ማስተካከያ ተሰጠው። ስፒከሮቹ ከተለመደው 4 ኦም ያነሱ ነበሩ። ከዳሽቦርዱ የሚመጣው ሲግናል ደግሞ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የሌለው፣ መልእክት ብቻ የሆነ ነው።

ድምፁ ተወደደ፤ ሌሎች የመኪና አምራቾችም የየራሳቸውን የድምፅ ኩባንያ ይዘው ተከተሉ። ልብ በሉ ግን፦ ድምፁን ያሳመረው ነገርና ውሉን ያፈረሰው ነገር አንድ ነው። ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ሣጥኑና ስፒከሩ እርስ በርስ እንዲስማሙ ስለተሠሩ አንዱን ብታወጡ የቀሩት ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ አያውቁም። የ180 በ50 ቀዳዳው አለ፣ ሽቦዎቹ አሉ፤ በሽቦው ላይ የሚነገረው ቋንቋ ግን የቤተሰቡ የግል ቋንቋ ሆኗል።

ከዚያ ቋንቋው ራሱ ዲጂታል ሆነ። ቦሽ በ1986 ዲትሮይት ላይ ካን የተባለውን የመኪና ኔትወርክ አቀረበ፤ በሁለት ሽቦ ላይ ብዙ ኮምፒውተሮች በየተራ የሚናገሩበት። ቀስ በቀስ "አምፕሊፋየር ተነሣ" የሚለው ትእዛዝ ከሰማያዊዋ ሽቦ ወጥቶ የኔትወርክ መልእክት መሆን ጀመረ። በ1998 ደግሞ የመኪና አምራቾችና አቅራቢዎች ሞስት ለተባለ ኔትወርክ ተባበሩ፤ በ2001 የወጣው የቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ተጠቀመበት። እዚያ ዘፈኑ የሚጓዘው በፕላስቲክ ፋይበር ውስጥ በብርሃን ነው፤ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየዞረ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ውስጥ ያለውን ቴፕ ነቅላችሁ ብትወስዱ ቀለበቱ ይቆረጣል፣ ሁሉም ዝም ይላል። በቴስተር የምትለኩት ቮልት እንኳ የለም።

ከ1930 ጋር አነጻጽሩት። ያኔ መኪናውና ራዲዮው ስለማይተዋወቁ መካኒኩ ያስተዋውቃቸው ነበር። አሁን በጣም ስለሚተዋወቁ ሦስተኛ ሰው አያስገቡም።

ከፕላስቲኩ ጀርባ

የአባቴ መኪና፣ እድሜ ለእርጅናዋ፣ ከሁለቱ ዘመኖች መካከል ናት። ብርሃን አይዞርባትም። ግን ተራ ውልም አታከብርም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአምራቹን የሽቦ ንድፍ ስልኬ ላይ ጭኜ፣ ቴስተርና ብሎን መፍቻ ይዤ ኋላ ገባሁ።

መጀመሪያ ስፒከሩን ራሱን ጠየቅኩት። የድሮ ኤሌክትሪሺያኖች ዘዴ አለች፦ ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ለይቶ በተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት መንካት። ነካሁት። "ቱፕ" ብሎ ሸራው ወደ ፊት ወጣ፣ ስለቅ ተመለሰ። አልተቃጠለም።

ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ። የማይቋረጠው 12 ቮልት አለ፣ ፊውዙ ደህና ነው፣ ኔጌቲቩም ደህና። የ"ተነሣ" ሽቦ ላይ ግን ቁልፉ ተከፍቶ፣ ቴፑ እየዘፈነ፣ ቴስተሩ ዜሮ ይላል። ዳሽቦርዱን ፈትቼ ቴፑን ሳወጣው ምክንያቱ ፊት ለፊቴ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፦ አንድ ሶኬት ምንም ሳይሰካበት ቀርቷል። ልጆቹ የተጠቀሙበት ማገናኛ የኃይሉንና የበር ስፒከሮቹን ሶኬት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ሶኬት ወደ ኋላ የሚሄደውን ሁሉ ይዞ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ሳብዉፈሩ ያን ሁሉ ሳምንት ጤነኛ ነበር፤ የሚቀሰቅሰው አጥቶ ተኝቷል።

የፋብሪካውን ሽቦ መቁረጥ አልፈለግኩም፤ የቆረጡት ሽቦ የሚቀጥለውን ሰው ይጎዳል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ አቻ ሶኬት ከነሽቦው ገዛሁ። የአዲሱን ቴፕ ሰማያዊና ነጭ ሽቦ ከ"ተነሣ" ሽቦ ጋር አገናኘሁት። ይህ መስመር መልእክት ብቻ ስለሚሸከም ለአምፕሊፋየሩ ኃይል መስጫ ማድረግ አይቻልም፤ ኃይሉ ከባትሪ በራሱ ፊውዝ ይመጣል። ቁልፉን ከፈትኩ። ከኋላ ትንሽ "ቱፕ" ተሰማ። ነቃ።

የቀረው ዘፈኑን ማድረስ ነው። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ናቸው። ይህ ጥበብ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው፤ በ1881 ለስልክ መስመር የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ዘፈኑ ተቃራኒ ሆኖ ይሄዳል፤ ከውጭ የሚመጣ ጫጫታ ግን ሁለቱንም እኩል ይነካል። አምፕሊፋየሩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ ጫጫታው ይጣፋል፣ ዘፈኑ ይቀራል። አዲሱ ቴፕ በበኩሉ የሚሰጠኝ አር.ሲ.ኤ በሚባለው፣ በ1930ዎቹ የሸክላ ማጫወቻን ከራዲዮ ጋር ለማገናኘት በተሠራው ክብ መሰኪያ ነው፤ አንድ የሲግናል ሽቦ፣ አንድ ኔጌቲቭ። አንዱ ቋንቋ በሁለት ሰው ይነገራል፣ ሌላው በአንድ።

ቸኩዬ በቀጥታ አገናኘሁት። ቤዙ መጣ። ሞተሩን ሳስነሳው ግን አንድ ፉጨት አብሮ መጣ፤ ነዳጅ ስረግጥ "ዊይይይ" እያለ ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ዲናሞው ነው። ያቺ የ1930 የካንዴላ ጫጫታ ስም ቀይራ ተመለሰች። መፍትሔው ሁለቱን የሚያስታርቅ አስተርጓሚ ማስገባት ነው፦ የክብሪት ቀፎ የምታክል የድምፅ ትራንስፎርመር። ከአንድ ወገን የአር.ሲ.ኤውን ሲግናል ትቀበላለች፤ በሌላው ወገን የተጠማዘዙት ሽቦዎች የሚፈልጉትን ጥንድ ትሰጣለች። በመሐላቸው ሽቦ አይነካካም፣ መግነጢስ ብቻ ነው የሚያወራው። ፉጨቱ ጠፋ።

አሁንም ግን ቤዙ ቀጭን ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከቴፑ ሜኑ ጋር ታገልኩ። በመጨረሻ የትራንስፎርመሯን ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኳቸው፤ ፖዘቲቩን በኔጌቲቭ። የበር ስፒከሮቹ አየሩን ሲገፉ ሳብዉፈሩ እየሳበ፣ እርስ በርሳቸው ሲሰራረዙ ነበር። ሲስማሙ የመኪናዋ ወለል ተነቃነቀ። ሳብዉፈሩ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲወስድ አደረግኩና፣ ዝቅ ተደርጎ ሲሰማም ቤዙ እንዳይጠፋ ላውድነስ የሚባለውን ምርጫ ከፈትኩ። ያ ምርጫ የፍሌቸር እና የመንሰን የ1933 ግራፍ ልጅ ነው።

የሚቀጥለው ውል

ለማስተካከል ያስፈለገኝ አንድ ያገለገለ ሶኬት፣ አንዲት ትራንስፎርመርና አንድ ቅዳሜ ነው። ዲኮር ቤቱን አልወቅስም፤ በቀን ስንት መኪና ለሚያስተናግድ ሰው "አውጥተን አዲስ እንግጠም" ርካሹ መልስ ነው። ንድፉን ያገኘሁት፣ ቋንቋውም በቴስተር የሚነበብ ዓይነት ስለሆነ ነው የተሳካልኝ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከቅንጦት በላይ የሆነው፣ መኪና እዚህ ረጅም እድሜ ስለሚኖር ነው። ብዙዎቹ መኪኖቻችን ሌላ አገር አንድ ሕይወት ኖረው የመጡ ናቸው። ሞተሩ ሃያ ዓመት ይሄዳል፣ ቴፑ ግን በአምስት ዓመት ያረጃል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሳይገድል መቀየር መቻል አለበት። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ መንገዱን እየሞሉ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዙዎቹ ስክሪኑ ቴፕ ብቻ አይደለም፤ የአየር ማቀዝቀዣውም፣ የመኪናው ማስተካከያም እሱው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ስክሪን ሲጠፋ የሚነቀለው ምኑ ነው? የሚተካውስ በምን? እኔን መሰል ሶፍትዌር ሠሪዎች ዛሬ የምንጽፈው ኮድ ለዚያ ሰው ንድፍ ይተውለታል ወይስ የተቆረጠ ቀለበት?

ሆሣዕና ዋዜማ አባቴን ወሰድኳቸው። ስለ ሽቦው ምንም አልነገርኳቸውም። በገናውን ራሳቸው ከፈቱ። የመጀመሪያው አውታር ሲመታ እጃቸውን በሩ ላይ አሳረፉና ትንሽ ቆዩ።

"መጣ" አሉ።

ከዚያ ድምፁን በጥቂቱ ቀነሱት፤ ተቀንሶም ይሰማ ነበር።